ባቄላዬን ይዤ ሐይቅ የሄድሁበት ቀን

ሱብሒ ሰግጄ ከቀያችን ከአምባሰል ወጣሁ። ሦስት የባቄላ እግር ከነሥሩ ነቅዬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ይዣለሁ። ባቄላው በሙሉ በድንገት ታመመ፤ ግንዱ እንደ ገመድ ተጠማዘዘ፣ ቅጠሉ ተጨማደደ። ዘሩን ልጄ መሐመድ ፍሬ በፍሬ መርጦ ያስቀመጠው ነው። ልጄ በጦርነቱ ሞተ፤ ዘሩን ጉድጓድ ቀብረን አተረፍነው። ሌላ የለንም። ይድን እንደሆነ ልጠይቅ ነው የምሄደው። ደግሞም ድንበርተኛዬን ይማምን «መርዝ የረጨህብኝ አንተ ነህ» ብዬ በሰው ፊት ተናግሬዋለሁ። እውነት መሆኑንም ማወቅ አለብኝ።

እስከ ውጫሌ በእግሬ ወረድሁ፤ መንገዱ ጭቃ ነው። ከውጫሌ ሚኒባስ ያዝሁ፤ ዋጋው ከሰላሙ ጊዜ እጥፍ ሆኗል። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ጥቅሉን አየችና፦

«አባባ፣ ጫት ነው?» አለች።

«በሽተኛ ነው። ባቄላ።»

«ታዲያ ካርድ አውጡለታ!»

መኪናው ሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። በጦርነቱ ተቃጥሎ መንገድ ዳር የቀረ ከባድ መኪና ጋ ስንደርስ ግን ሁሉም ፊቱን ወደዚያ አዞረ።

ረፋድ፣ ሐይቅ

የወንድሜ ልጅ ሰዓዳ ከሐይቁ ዳር ካለው ችግኝ ጣቢያ ትሠራለች። የተማረችው ስለ ተክል ነው። ጨርቁን ፈታሁላት። ቅጠሉን ገልበጥ አድርጋ አየችው።

«አጎቴ፣ ምን ረጨህበት?»

«የክሽክሽ መድኃኒት። ያ ጥቃቅን ተባይ ወርሮት ነበር።»

«በምን መርጫ?»

«ጤፉን የአረም መድኃኒት በረጨሁበት።»

«አጥበኸዋል?»

ማን ያጥበዋል! መሐመድ ነበር የሚያጥበው። ወንዝ ወርዶ በሳሙና ሦስቴ ሲያጥበው «በዕቃ ስትጫወት ዋልህ» እያልሁ እቆጣው ነበር። ለምን እንደሚያጥብ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁትም።

ሰዓዳ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ተክል ውስጥ ዕድገትን የሚይዝ ፕሮቲን አለ አለች፤ እንደ ዘበኛ ነው። እደግ የሚል መልእክት ሲደርስ ተክሉ ዘበኛውን ራሱ ይሰባብረዋል። ያኔ ሴሎቹ ይከፈላሉ፣ ይለጠጣሉ። መልእክቱ ሲበርድ አዲስ ዘበኛ ይሠራና ዕድገቱን ይይዛል።

«ራሱ የሠራውን ራሱ ያፈርሳል?»

«ካላፈረሰ አያድግም አጎቴ። ማፍረሱን ካላቆመም ይሞታል። የአረም መድኃኒቱ ያንን መልእክት ይመስላል፤ ግን አይበርድም። ባቄላህ ዘበኛ በሠራ ቁጥር ሲያፈርስ፣ ያለ ልክ ሲያድግ ነው የተጠማዘዘው።»

«ጤፉስ ለምን አልሞተም?»

«ጤፍ የሣር ወገን ነው፤ መድኃኒቱን ቶሎ ያመክነዋል።»

«ይድናል ወይ?»

«አይድንም አጎቴ» ብላ እጄን ያዘች። ምሳ ብላ ብትለኝም አልበላሁም።

ከሰዓት፣ መልስ

ቤቴ ሳልገባ ይማም ደጅ ቆምሁ።

«እኔው ነኝ የገደልሁት። አንተን በከንቱ ሰደብሁህ» አልሁት።

«መርጫውን ሳታጥብ ስትሞላ አይቼህ ልነግርህ መጥቼ ነበር» አለኝ። «ገና ‹አሰላሙ ዓለይኩም› ስል ‹ከደጄ ጥፋ› አልኸኝ።»

እውነቱን ነው። መሐመድ ከሞተ ወዲህ ሰው ሲመጣብኝ አልወድም ነበር። ጉዞው ያስተማረኝ ይኸው ነው፤ ልጄ ያወቀውን ሳልጠይቀው ሞተ፣ ሊነግረኝ የመጣውንም አባረርሁ።

ይማም መቆፈሪያውን ይዞ ተከተለኝ። ማሳው ጫፍ ስንደርስ ጎንበስ ብሎ አንዱን ቅጠል ዳሰሰ።

«ገና አረንጓዴ ነው እኮ» አለ።

«ንቀለው» አልሁት።