ትርፌ እና የእባቦቿ እንቁላል

የእባብ ልጅ እባብ ይላል ያገራችን ሰው። ትርፌ ግን በዚህ አባባል አትረካም፤ «እሺ፣ ምን ዓይነት እባብ?» ትላለች። ዴንቨር አጠገብ አውሮራ ከተማ፣ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ያለው አፓርትማቸው ሁለት መኝታ ቤት አለው፤ አንደኛውን የያዙት ቦል ፓይተን የሚባሉት የአፍሪካ እባቦች ናቸው። መርዝ የላቸውም። ሲፈሩ ጭንቅላታቸውን መሀል ቀብረው እንደ ኳስ ይጠቀለላሉ። ትርፌ አየር ማረፊያ ዊልቸር ስትገፋ ትውልና እቤት ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ መሳቢያቸውን እየከፈተች ታያቸዋለች።

ነገሩ የተጀመረው ዴንቨር ውስጥ በተደረገ የእንስሳት ኤክስፖ ነው። ለልጇ ለኤልዳና ጥንቸል ልትገዛ ሄዳ እባብ ይዛ ተመለሰች። ጉድ በሉ እንግዲህ! ባሏ ፍቅረየሱስ የጸሎት ህብረት መሪ ነው፤ የኤደንን እባብ እየጠቀሰ ሊያስወጣቸው ቢነሳ፣ ኖኅ በመርከብ ያሳፈራቸውን አንተ ልታወርድ ነው ወይ ብላ አፉን አስያዘችው። እሱም ሐሙስ ሐሙስ ህብረቱ እነሱ ቤት ሲሰበሰብ ያ በር «ስቶር» እየተባለ እንዲዘጋ ብቻ አሳመናት።

ትርፌ የምትመኘው ፓይድ የሚሉትን ነበር። አካሉ ወተት የመሰለ ነጭ ሆኖ፣ እዚህም እዚያም ብቻ ቡናማ ጥለት ጣል የተደረገበት ነው። ይህ መልክ ተደብቆ ይወረሳል። ሁለቱም ወላጆች ተራ ቡናማ ቢሆኑም እንኳ፣ አባትም እናትም በደማቸው ከያዙት ነጭ ልጅ ሊወጣቸው ይችላል። ሻጩ «ይኖራቸው ይሆናል» ብሎ ሁለት ተራ እባቦች ሰጣት። ሌሎቹ አርቢዎች ተበላሽ እያሉ ሳቁባት። እሷ ግን ሆዳቸውን ገልብጣ ጅራታቸው አጠገብ የፓይድ ደም ምልክት የሚባሉትን ሁለት ቀጥ ያሉ ጥቁር መስመሮች አይታለች፤ አላቸው ብላለች፣ አላቸው። ወይ ፍንክች! ሴቷ እስክትደርስ ዓመታት ጠበቀች።

በመጨረሻ እባቧ ስድስት እንቁላል ጣለች። በዚያው ሰሞን የፍቅረየሱስ እናት፣ እማማ ጌጥነሽ፣ ከሆሳዕና መጥተው ሳሎን ሶፋ ላይ መተኛት ጀመሩ። ደንግጠው እንዳይታመሙ ተብሎ ስለ እባቦቹ አንዲት ቃል አልተነገራቸውም፤ በሩ ለእሳቸውም «ስቶር» ተባለ። ፍቅረየሱስ ግን አንጀቱ አልቻለም። እናቴ ሶፋ ላይ እየተኛች እባብ ክፍል አይኖረውም አለ። ተነጋግረው ተስማሙ፤ ከስድስቱ አንድ ነጭ ከተገኘ ትርፌ እባቦቿን ይዛ ትቀጥላለች፣ እሱም ሰፋ ያለ ቤት ይፈልጋል። ሁሉም ቡናማ ከሆኑ እባቦቹ ተሸጠው ክፍሉ የእማማ ይሆናል። ትርፌ ዓይኗን ሳታሽ እሺ አለች።

ማስፈልፈያው ማሞቂያ የተገጠመለት አሮጌ ትንሽ ፍሪጅ ነበር፤ ክፍሉ ስለጠበበ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። የእባብ እንቁላል ከተጣለ በኋላ አይገላበጥም። ከተገላበጠ ልጁ እውስጡ ሊታፈን ይችላል። ስለዚህ ትርፌ እያንዳንዱ አናት ላይ በማርከር ጥቁር ነጥብ አደረገች። ሙቀቱ እንዳይወጣም ፍሪጁን የምትከፍተው በሳምንት አንዴ ብቻ ነበር።

ሊፈለፈሉ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀራቸው፣ ከሥራ ገብታ ፍሪጁን ብትከፍት ነጥቦቹ የሉም። አንዱን ቀስ ብላ ከፍ አደረገችው። ነጥቡ ከሥር ነው።

እማማ ጌጥነሽ ከኋላዋ ፈገግ ብለው ቆመዋል። ቅቤ ፍለጋ ከፍተው አግኝተውታል ለካ! ሆሳዕና ዶሮ ሲያረቡ የኖሩ ሴት ናቸው፤ የፈረንጅ ዝይ እንቁላል መስሏቸዋል።

«እኔ ነኝ ልጄ» አሏት። «አንቺ ሥራ ይበዛብሻል ብዬ ጠዋትና ማታ አገላብጥልሻለሁ። ዶሮ እንኳ በመንቆሯ ታገላብጣለች።»

ትርፌ በማን ላይ ትናደድ? የደበቀችው ራሷ ናት። ተቀምጣ ሁሉንም፣ ከባሏ ጋር የተስማሙትንም ሳይቀር፣ አንድ በአንድ ነገረቻቸው። አሮጊቷ በኢየሱስ ስም ብለው እጃቸውን ታጠቡ፤ ተመልሰው ደግሞ ታጠቡ። የከፋቸው ግን እባቡ አልነበረም። «ስቶር አላችሁኝ» አሉ።

ቀኑ ደረሰ። አንደኛው ቅርፊቱን ቀዶ ወጣ፣ ቡናማ። ሁለተኛው ቡናማ። ሦስተኛውም አራተኛውም ያው። ፍቅረየሱስን ማሸነፉ እንኳ ደስ አላሰኘውም። ሁለቱ እንቁላሎች ጠቁረው ሟሽሸዋል። ትርፌ በትንሽ መቀስ የመጀመሪያውን ቀደደችው፤ የሞተ ቡናማ። የመጨረሻውን ቀደደች።

ነጭ ነበር። ወተት የመሰለ ነጭ፣ ጀርባው ላይ ሦስት ቡናማ ጥለት፤ ሁሉ ነገሩ ተሟልቶ እንደተጠቀለለ ሞቷል። ትርፌ መዳፏ ላይ አድርጋ አየችው። እባቦቹ አላቸው ያለችው እውነት ሆነ! ደስታውም ሐዘኑም አንድ ላይ መጣባትና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ወደዚያ ፍሪጅ ዳግመኛ ድርሽ ያላሉት እማማ ጌጥነሽ ከሳሎን ተነስተው መጡ።

«እኔ ነኝ የገደልኩት?»

አይደለም ብትላቸው ማን ይጠይቃታል? «አዎ፣ እማማ» አለች ትርፌ። «እኔ ስለደበቅኩዎት።»

አሮጊቷ መዳፋቸውን ዘረጉ። ትርፌ አስቀመጠችላቸው። ወደ ብርሃኑ አስጠግተው አገላብጠው አዩት። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ሞቷል እኮ፣ እማዬ» አለ ፍቅረየሱስ።

«መሞቱን እኔ አውቃለሁ» አሉት። «ነጭ ነው። ቃልህን ጠብቅ።»