የሙደሲር መሥመሮች

በዚህ ነገር ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን። ጋሼ ላምቤቦ፣ ሆሳዕና ገበያው ዳር የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት የነበራቸው፤ ቲቸር አማረች፣ ከሀደሮ የምትመጣ የፊዚክስ መምህርት፤ ሙደሲር፣ የሆመቾ ልጅ፣ አባቱ የጭነት መኪና ሹፌር፤ አራተኛው እኔ ነኝ። ጥፋቱ ግን የአንድ ሰው ነበር።

ባለፈው ሳምንት ልጄ የመመረቂያ ጽሑፏን አሳትማ መጣች። ሥዕሎቹ ጭጋግ የወረደባቸው ይመስሉ ነበር። “አባዬ፣ ስክሪኑ ላይ እኮ ጥርት ያለ ነው። ወረቀት ላይ ሲሆን ለምንድን ነው የሚደበዝዘው?” አለችኝ። ልጆቼን የማያውቁትን “አውቃለሁ” እንዳይሉ አጥብቄ ነው ያሳደግኋቸው። ይህን ግን አውቃለሁ። የከበደኝ ከማን እንደተማርኩት መናገር ነበር።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ከተማው ውስጥ ባጃጅ ሳይኖር፣ በጋሪ በምንሄድበት ጊዜ። ጋሼ ላምቤቦ ያላቸው ኮምፒውተር አንድ ነበር። ጠዋት እኔ እቀመጥበታለሁ፣ ከሰዓት ሙደሲር። ኮምፒውተር ማንም አላስተማረኝም። ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ መመሪያ ከመዝገበ ቃላት ጋር እያገላበጥኩ ነው የለመድኩት። በዚህም እኮራ ነበር። በራሱ የተማረ ሰው አንድ በሽታ አለበት፤ ሌላውም እንደሱ በራሱ መማር የሚችል አይመስለውም።

ሰኔ ገብቶ መንገዱ ቀይ ጭቃ ሲሆን ቲቸር አማረች የተማሪዎች መልመጃ ልታስጽፍ መጣች። አርባ ገጽ ነው፣ በሥዕል የተሞላ፤ ሌንስ፣ አምፖልና ባትሪ፣ ቁጥር የተደረደረበት የስፕሪንግ ሚዛን። ጋሼ ላምቤቦ ሀደሮ ላይ ሁለተኛ ቤት ሊከፍቱ አስበው ነበርና ሁለታችንንም ጠርተው፣ በዚህ ሥራ ያስደሰታቸውን እዚያ ኃላፊ አድርገው እንደሚልኩት ነገሩን። እኔ ያን ወንበር በልቤ ተቀምጬበት አደርኩ።

ጽሑፉን የመታሁት እኔ ነኝ። ሥዕሎቹንም ከመጽሐፍ በስካነር አንሥቼ ለጠፍኳቸው፤ ለሙከራ ሲታተሙ ግን ዳር ዳራቸው ተቦጫጨቀ። ሙደሲር ከሰዓት ተቀመጠና ሁሉንም አጥፍቶ እዚያው ወርድ በሚባለው የጽሕፈት ፕሮግራም ላይ በመሥመር፣ በክብና በቀስት እንደገና ሣላቸው። ሲታተሙ በመላጭ የተቆረጡ ይመስሉ ነበር። ምስጢሩንም አልሰሰተኝም። “ፎቶ ማለት የነጥብ ክምር ነው፣ ስትለጥጠው ይበተናል። መሥመር ግን ብታሳድገውም ያው መሥመር ነው” አለኝ፣ ከቤቱ ያመጣውን ቆጮና ጎመን እያካፈለኝ። እየበላሁ ጣቶቹን አያለሁ። የሰው እንጀራ እየበሉ ሰውየውን መጥላት እንደሚቻል ያን ቀን አወቅሁ።

ቲቸር አማረች አይታ “ይሄን የሣለው ማነው?” አለች። አርባ ገጽ ለመታሁት ለእኔ “እግዜር ይስጥልኝ” ብላ ነው ያለፈችኝ። በሙደሲር ሥዕል ላይ ግን ጎንበስ ብላ ቆየች። ጋሼ ላምቤቦም ከበር ላይ ሆነው ያዩ ነበር።

የሚባዛው በማግሥቱ ከሰዓት ነው፤ ተረኛው ሙደሲር ነበር። ጠዋት በእኔ ተራ ፋይሉን ከፈትኩ። የሙደሲርን ሥዕሎች አንድ በአንድ ስክሪኑን በሚቀዳው ቁልፍ ፎቶ አነሣሁና፣ መሥመሮቹን ሰርዤ ፎቶዎቹን በቦታቸው ለጠፍኩ። በዚያ ስክሪን ላይ ልዩነቱን ማንም አያየውም። ስክሪን በጥቂት ነጥብ ይረካል፤ ወረቀት ግን እጥፍ ድርብ ይፈልጋል። ለራሴ የነገርኩት ምክንያትም ነበረኝ፤ ጽሑፉ ሲነካ መሥመሮቹ ከቦታቸው ይሸሻሉ፣ ፎቶ ግን አይሸሽም። ይህ እውነት ነው። ሰው ክፋቱን የሚሸፍንበት ምርጡ ጨርቅ እውነት ነው።

ሙደሲር ቸኩሎ ስለነበር ስክሪኑን አምኖ፣ የታተመውን ሳያጣራ አባዛው። ከሦስት ቀን በኋላ ቲቸር አማረች እሽጉን በዝናብ አቅፋ መለሰችው። የሚዛኑ ሦስትና ስምንት አይለዩም፤ ተማሪው ሁሉ የየራሱን ቁጥር አንብቧል። ጋሼ ላምቤቦ “ያባዛው ማነው?” አሉ።

ሙደሲር ፋይሉን ከፍቶ አንዱን ሥዕል ነካ አደረገ። መሥመሮቹ የሉም፣ ፎቶ ሲነካ የሚወጣው አንድ ሣጥን ብቻ። አየኝ። የቤቱ በር ቁልፍ የነበረው በጋሼ ላምቤቦና በሁለታችን እጅ ብቻ ነው።

“ያባዛሁት እኔ ነኝ፣ ጋሼ” አለ።

ሥዕሎቹን በሁለት ቀን እንደገና ሣለ፤ ወረቀቱና ቀለሙ ከደመወዙ ተቆረጠ። ሀደሮ የተላክሁት እኔ ነኝ። እሱ ወሩ ሳያልቅ ሥራውን ለቅቆ ከአባቱ ጋር መኪና ላይ ወጣ። የእኔም ወንበር ብዙ አልቆየ፤ መምህራኑ እየመጡ “ያ ሥዕል የሚሥለው ልጅ የለም?” ይሉ ነበር፣ በዓመቱ ቤቱ ተዘጋ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ሆሳዕና መናኸሪያ አገኘሁት፤ ሸብቷል፣ የራሱ ሚኒባስ አለው። ተቃቅፈን ሰላም ተባባልን። ስለዚያ ነገር አፌን ስከፍት ቀደመኝ፤ “ሥዕሎቹ እንዳይሸሹ ብለህ ነው አይደል?” አለኝ። መውጫውን ራሱ አበጅቶ ሰጠኝ። እኔም “አዎ” አልኩ። ከመጀመሪያው በደል ይልቅ ይህ “አዎ” ያሳፍረኛል።

ለልጄ ሥዕሎቿን በመሥመር እንድትሠራ አሳየኋት፤ ጥርት ብለው ወጡ። “ማን አስተማረህ?” ስትለኝ ስሙን ነገርኳት፤ ቀጥሎም ያደረግሁትን፣ “አዎ” ያልኩትንም ጨምሬ። “ያኔ የጠፋው ስንት ነበር?” አለችኝ። ጋሼ ላምቤቦ የሀደሮ ቤታቸውን፣ ቲቸር አማረች የፈተና ሳምንቷን፣ ሙደሲር ሙያውን፣ እኔ ጓደኛዬን እንዳጣን ልነግራት ጀመርኩ። እሷ የጠየቀችኝ ግን ከሙደሲር ደመወዝ የተቆረጠውን ብር ነበር።

አራት መቶ ስልሳ ብር።