አንድ ቀን ከሦስቱ ጋር

ኦርሶላ የአባት ስም የላትም። በቬኒስ የሙት ልጆች ቤት ያደጉ ሴቶች በሚጫወቱት መሣሪያ ነው የሚጠሩት፤ እሷም ኦርሶላ ዘቼሎ ናት። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ በየእሑዱ ቤተ ክርስቲያኑ ሰገነት ላይ፣ ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ፣ ቼሎ የሚሉትን ትልቅ ባለ ጅማት መሣሪያ በጉልበቶቿ መሃል ይዛ ተጫውታለች። ከታች ያለው ሕዝብ ፊቷን አይቶት አያውቅም። ቢያየውም አያስታውሰውም ነበር፤ ኦርሶላ ከአጃቢዎቹ አንዷ ናትና።

ኮንቸርቶ ግሮሶ የሚሉት ዜማ እንዲህ ነው፦ ሦስት ሰዎች፣ ሁለት ቫዮሊንና አንድ ቼሎ፣ ለብቻቸው ያወራሉ፤ ከዚያ ሌላው ሁሉ ተግተልትሎ ይገባና ያሉትን ያጸናላቸዋል። ኦርሶላ ዕድሜዋን በማጽናት ፈጀችው። የሦስቱን ድርሻ ግን በቃሏ ታውቀዋለች፤ ልብስ ስታጥብ እንኳ ጣቶቿ በገንዳው ጠርዝ ላይ ይጫወቱ ነበር። ለአንድ ቀን ብቻ ከሦስቱ ጋር እንዲያስቀምጧት ደጋግማ ጠይቃለች። የሙዚቃ አለቃዋ ሜኔጊና በጠየቀቻት ቁጥር ፈገግ ብላ፣ እንዳንቺ ያለ አጃቢ ከየት ይገኛል ትላታለች። ምስጋና የለበሰ እምቢታ አንጀት ያሳርራል።

አሁን ደግሞ ጊዜው አለቀ። አርባ ዓመት የሞላት ሴት መሣሪያዋን አስረክባ ወደ ዳንቴል ሥራ ትዛወራለች፤ የቤቱ ደንብ ነው። ኦርሶላ በመጪው ወር አርባ ይሞላታል።

በብሥራት በዓል ዕለት ከባሕሩ እርጥብ የደቡብ ነፋስ ነፈሰ። በዚህ ነፋስ ከበግ አንጀት የሚሠራ ጅማት አይታመንም። የአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ዛኔታ ከሦስቱ አንዷ ሆና ተቀምጣ ሳለች፣ የዜማው ዝግ ብሎ የሚሄደው ክፍል ገና ሲጀመር፣ የቼሎዋ ጅማት ጧ ብሎ ተበጠሰ። ለዚህም ደንብ አለ፤ አጠገቧ ያለችው አጃቢ የራሷን መሣሪያ አቀብላ ባዶ እጇን ትቀመጣለች። ኦርሶላ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አቀብላለች። ዛኔታ ዞር እንኳ ሳትል እጇን ዘረጋች።

ኦርሶላ የተዘረጋውን እጅ አየችው። ከዚያ ደጋኗን ጅማቱ ላይ አሳረፈችና የዛኔታን ድርሻ ከተቋረጠበት ቀጠለች።

ቫዮሊኖቹ ደነገጡ፤ ግን ዜማ መሃል ላይ ጭቅጭቅ የለም፣ ተከተሏት። ኦርሶላ ዛኔታ የምታበዛውን ጌጣጌጥ ሁሉ ትታ ዜማውን እንደተጻፈው ተጫወተችው።

ሲያልቅ ከታች ሳሉ። በቤተ ክርስቲያን ማጨብጨብ ነውር ስለሆነ የቬኒስ ሰው ደስ ሲለው ይስላል፣ ይናፈጣል፣ ጫማውን ወለሉ ላይ ይፈትጋል። ያን ቀን ከተማውን ጉንፋን የያዘው እስኪመስል ድረስ ሳሉ። ከፍርግርጉ ጀርባ የተጫወተችው ዛኔታ መስላቸው የሷን ስም እየጠሩ ሲያደንቁም ይሰማ ነበር።

ሜኔጊና ደረጃው ሥር ጠበቀቻት። ደንብ ያፈረሰች እስከ ልደቷ አትቆይም፣ መሣሪያውን አሁኑኑ አስረክቢ አለቻት። አኩርፋ ለቆመችው ዛኔታ ኦርሶላ ቼሎዋን በሁለት እጇ አቀበለቻትና ጅማቶቹን ትናንት እንደቀየረቻቸው ነገረቻት። ልጅቷ ሳትወድ ተቀበለቻት።

«ስሙን ለሷ ነው የሰጡት» አለች ሜኔጊና። «ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ፣ እሜቴ። ስሙ የሷ ይሁን።»

«ነገ ጅማት ቢበጠስ ይህን ትደግሚው ነበር?»

«ለኔማ ነገ የለም እኮ፣ እሜቴ» አለች ኦርሶላ እጅጌዋን እየሰበሰበች። «ለዚህ አይደል ዛሬ ያላቀበልኳት።»