ፊሽካው ከተነፋ በኋላ የተመዘገበ ግምት

ልብስ ሰፊው በሰፈሩ የሚታወቀው በሁለት ነገር ነበር። አንደኛው ለሠርግ የታዘዘ ሱፍ ሙሽራው መኪና ውስጥ ከገባ በኋላ በማድረስ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በእግር ኳስ ግምት ውድድሩ ላይ አንዲት ደቂቃ ባለማሳለፍ። ደንበኞቹ ለሙሽራ የነፈገውን ሰዓት ለኳስ ይሰጣል እያሉ ይቀልዱበታል። አብሯቸው ይስቃል፤ ሕጉን ግን አያላላም።

ውድድሩን የጀመሩት የዛሬ አሥራ ሦስት ዓመት ነው። አሥራ ዘጠኝ ሆነው ከየጨዋታው በፊት ግምታቸውን በብጣሽ ወረቀት ይጽፉና ከበሩ ጀርባ በተሰቀለች የጨርቅ ኪስ ውስጥ ይከታሉ። መጻፍ የሰለቸው እየነገረው ልብስ ሰፊው ይጽፍለታል። ውጤቱን ልክ ያገኘ ሦስት ነጥብ፣ አሸናፊውን ብቻ ያወቀ አንድ ነጥብ። የዓመቱ አሸናፊ በልኩ የተሰፋ ኮት ይለብሳል፤ የመጨረሻው ዓመቱን ሙሉ መቀለጃ ይሆናል። ዳኛው ፊሽካ ከነፋ በኋላ የመጣ ግምት አይመዘገብም። አንድ ጊዜ አማቱ ሁለት ደቂቃ ዘግይተው መጥተው ወረቀታቸውን መልሶላቸው፣ ሚስቱ ሳምንት ሙሉ አኩርፋዋለች።

ከአሥራ ዘጠኙ አንዱ ታላቅ ወንድሙ ነው። ልብስ ሰፊው "ጋሼ" ይለዋል። አባታቸው ሲሞቱ እሱ የሰባት ዓመት ልጅ፣ ጋሼ የአሥራ ሰባት ዓመት ጎረምሳ ነበር። ጋሼ ትምህርቱን ትቶ የአውቶቡስ ረዳት ሆነ፣ ቀጥሎ ሹፌር። ታናሹን አስተማረ፣ ሙያ አስያዘ፣ የመጀመሪያዋን የስፌት መኪና በትከሻው ተሸክሞ አመጣለት። ሠላሳ አንድ ዓመት ነድቶ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከመስኮቱ ሥር ያለችው ወንበር የሱ ናት። አራት ጊዜ ሁለተኛ ወጥቷል፤ ኮቱን ግን አንድም ጊዜ አላገኘውም።

በዚያ ዓመት የጋሼ ግምቶች ግራ ያጋቡ ጀመር። አንድ ሳምንት ከሊጉ ከወረደ ስምንት ዓመት የሆነውን ቡድን አሸናፊ አድርጎ ጻፈ። ሌላ ሳምንት ባዶ ወረቀት አጣጥፎ ከተተ። አንድ ቀን ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ሲመሽ ሰው መርቶ አመጣው፤ መንገዱን ቀይረውብኝ ነው አለ። የከተማውን መታጠፊያ ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያውቅ ሰው! የጋሼ ሚስት ልብስ ሰፊውን ወደ ጓሮ ጠርታ ይሄ ነገር አላማረኝም አለችው። እርጅና ነው እትዬ፣ አትጨነቂ አላት። እሱ ራሱ ግን እንቅልፍ አጣ።

ከዚያ ያቺ ቅዳሜ መጣች። ትልቁን ጨዋታ ሁሉም ጎን ካለው ሻይ ቤት ቴሌቪዥን ላይ አዩት። ጋሼም ነበር፤ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኋል። አራት ለሦስት አለቀ። ልብስ ሰፊው ቀድሞ ወደ ሱቁ ሄዶ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈ። አራት ለሦስት ያለ የለም፤ የጋሼ ወረቀትም የለም። ይህን ሲያስብ ጋሼ በሩን ገፍቶ ገባ።

"የኔን ሳትይዝ እንዳትዘጋ" አለው። "አራት ለሦስት ብለህ ጻፍልኝ። ዛሬ ታያለህ፣ አራት ለሦስት ነው የሚያልቀው።"

ልብስ ሰፊው መጀመሪያ ቀልድ መሰለው። ቀና ብሎ ሲያየው ግን በወንድሙ ፊት ላይ ቀልድ አልነበረም። ጨዋታ እንደሚጠብቅ ሰው ዓይኑ ያበራል። ጋሼ፣ አሁን አብረን አይደል እንዴ ያየነው ሊለው ፈልጎ ተወው። የሌሎቹ ጫጫታ በሩ ላይ ደርሷል። እሱ እንደሁ የወንድሙን መርሳት በሰው ፊት ከሚያይ ሞቱን ይመርጣል። እስክሪብቶውን አንስቶ ጻፈ፤ ወረቀቱንም ከሌሎቹ ጋር ቀላቀለው።

ብቻውን ሦስት ነጥብ ያገኘው ጋሼ መሆኑ ሲነገር ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። "አላልኳችሁም?" እያለ እየዞረ ጨበጣቸው። ልብስ ሰፊው መቀስ የሚፈልግ መስሎ ጠረጴዛው ሥር አጎነበሰ።

በዚያች ሦስት ነጥብ ጋሼ አንደኛ ሆነ። ውድድሩ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ሁሉም በተሰበሰቡበት፣ ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ የሆነው የሒሳብ መምህሩ ጉሮሮውን ጠራረገ። መምህሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ቁጥር ሲዛነፍ ግን እህል አይወርድለትም። የዚያን ቅዳሜ ፊሽካ ሳይነፋ ወረቀቶቹን እንደ ልማዱ ሲቆጥር አሥራ ስምንት ነበሩ። በኋላ ግን አሥራ ዘጠኝ ሆኑ አለ። ለሳምንታት ሲያመነታ ቆይቶ መጠየቅ ይሻላል ብሎ ነው።

ሁሉም ወደ መስኮቱ ዞሩ። ጋሼ ፊቱ ቀላ። እኔ ቀድሜ ነው የሰጠሁት አለ፤ ከልቡ ነው። ወደ ታናሹም ዞሮ "ንገራቸው እንጂ" አለው።

ልብስ ሰፊው አሰበ። ቀድሞ ሰጥቷል ቢል መምህሩን ውሸታም ያደርጋል። በኋላ ነው የሰጠኝ ቢል ጋሼ ወይ አጭበርባሪ ነው፣ ወይ አእምሮው ከድቶታል። ሁለቱንም በጋሼ ፊት፣ በጓደኞቹ መሐል መናገር አልሆነለትም።

"እኔ ነኝ" አለ። "ጋሼ ያን ቀን ግምት አልሰጠም። ውጤቱን ካየሁ በኋላ በስሙ ጽፌ የቀላቀልኩት እኔ ነኝ። ጽሕፈቱም የኔ ነው፤ እዩት።"

ሁልጊዜ ያለ ጎል ያልቃል ብሎ ስለሚገምት "ዜሮ ለዜሮ" የሚሉት ባለ ብየዳው፣ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ እያታለልከን ነበር ወይ ብሎ ጠየቀው። ጋሼ ከወንበሩ ተነሳ።

"እኔ አንተን እንደዚህ አድርጌ አላሳደግኩም" አለና ወጣ።

ውድድሩ በዚያው ፈረሰ። ሰዎቹ ሱሪ ለማሳጠር እንኳ ሌላ ቦታ መሄድ ጀመሩ። ልብስ ሰፊው ይህን ቻለው። ያልቻለው የወንድሙን በር ነበር። ሦስት ጊዜ ሄዶ ሦስት ጊዜ ጋሼ ፊት ነሳው። እውነቱን ለእትዬ ብቻ ነገራት። ለሁሉም ካልተናገርኩ ብትል አስምሎ አስቀራት። እሷም እያለቀሰች፣ ምሳ መብላቱን ይረሳል፣ የልጁን ስም ይረሳል፣ ያንተን ነገር ግን አልረሳ አለ ብላ ነገረችው።

ምሥጢሩ ከክረምቱ አላለፈም። ጋሼ ሁለት ቀን ጠፍቶ፣ በድሮ መሥሪያ ቤቱ ግቢ ከቆመ አሮጌ አውቶቡስ ውስጥ፣ መሪውን ይዞ ተገኘ። ያኔ ሰፈሩ ሁሉ አወቀ። መምህሩ በማግስቱ ሱቁ በር ላይ መጥቶ ቆመ። ሒሳቡን አስልቶ ጨርሷል።

"ለምን አልነገርከንም?" አለው።

"እሱ እዚያ ተቀምጦ?" አለ ልብስ ሰፊው።

መምህሩ አንገቱን ደፋ። ውድድሩን እንደገና እንዲመራላቸው ሁሉም ለመኑት። እናንተ ያዙት፣ እኔ በቃኝ አላቸው። መምህሩ በራሱ ቤት ጀመረው፤ እስካሁንም አለ ይባላል።

ልብስ ሰፊው አሁን ቅዳሜ ከሰዓት ጋሼ ቤት ነው። የሚከለክለው የለም፤ ጋሼ አያውቀውም። አንተ ብሎ ያሳደገው ወንድሙ "እርስዎ" ይለዋል፤ ደህና ሰው የመጣበት መስሎት ይቀመጡ ብሎ ቦታ ይለቅለታል። ልብስ ሰፊውም ጥፍሩን ይቆርጥለታል፣ ሸሚዙን ይቆልፍለታል። አንድ ቅዳሜ ቁልፉን ሲያስገባለት ጋሼ እጁን ያዘው።

"እኔም ልብስ ሰፊ ወንድም ነበረኝ" አለ። "እጁ ወርቅ ነው። ሰው ፊት አዋረደኝና ተቀየምኩት። አሁንማ ቢመጣ ምን ነበረበት፤ እሱ ግን አልመጣም።"

እትዬ የምታጣጥፈውን ልብስ ጥላ ወደ ጓዳ ገባች።

"አፍሮ ይሆናል" አለ ልብስ ሰፊው።

"ምን ያሳፍረዋል፣ ልጄ ማለት እኮ ነው። ካገኙት ይምጣ ይበሉልኝ።"

"እነግረዋለሁ፣ ጋሼ።"

ጋሼ አመሰገነው። የቀሩትን ሁለት ቁልፎች እስኪጨርስለትም ደረቱን ቀና አድርጎ ጠበቀው።