ሳላያት የጠበቅኳት ፊልም

ይህ የገጠመኝ ጦርነቱ ወደ ወሎ በዘለቀበት ዓመት ነው። ሰው ቤቱንና ዘመዱን ባጣበት ጊዜ ስለ አንዲት ፊልም ማውራቴ ያሳፍር ይሆናል፤ ግን እስካሁን ያንገበግበኛል።

የምኖረው ሐይቅ ከተማ ነው። ማንም የማያያቸውን ፊልሞች እሰበስባለሁ፤ ድብድብ የሌለባቸው፣ ወሬ የማይበዛባቸው። ባለቤቴ «ያንን የሚያስተኛ ፊልምህን ደግሞ ከፈትክ?» ትለኛለች። እንደኔ ያለ የማውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ውጫሌ ሞባይል የሚጠግነው ሰኢድ።

ሰኢድ የሌለኝን ነገር ያዘ። ስማቸው ያልታወቀ ልጆች እዚሁ እኛ ሐይቅ ላይ የቀረጿት ፊልም ናት። አንድ ዓሣ አጥማጅ ጉም እስኪገለጥ ታንኳው ላይ ይጠብቃል፤ በቃ፣ ይኸው ነው። መጀመሪያዋን ብቻ አሳይቶኝ ዘጋት። «ላባዛት» ብለው፣ «አንድ መሆኗ እኮ ነው ጣዕሟ» አለኝ። ሐይቁ የእኛ፣ ፊልሟ የእሱ! በቅናት አረርኩ።

ከዚያ ተኩሱ ቀረበ። የውጫሌ ሰው በእግሩ ወደ እኛ ሲጎርፍ ሰኢድም መጣ። ሚስቱንና ልጆቹን መኪና ላይ አሳፈረ። እሱ ግን የታመሙ አባቱን ትቶ ስለማይሄድ ሊመለስ ነው። ፊልሟ ያለችባትን ፍላሽ እጄ ላይ አስቀመጠ።

«አማና ነው» አለኝ።

እኛ አገር አማና ከተባለ፣ ሙስሊምም ሆነ ክርስቲያን፣ የተቀበለውን ሳይነካ ነው የሚመልሰው። ምናለ ሌላ ቃል ቢለኝ!

እኛም በተራችን ደብረ ብርሃን ድረስ ስንሰደድ ፍላሿ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበረች። ያስጠጋን ዘመዴ ላፕቶፕ አለው። ላፕቶፑን አያለሁ፣ ኪሴን እዳስሳለሁ። አልከፈትኳትም። ለጽድቅ እንዳይመስላችሁ፤ ሰኢድ ይኑር አይኑር አላውቅም ነበርና፣ ብከፍታት የሚሞት መሰለኝ።

ስንመለስ ውጫሌ ሄድኩ። ሰኢድ ከስቶ አገኘሁት። ሱቁ ተዘርፏል፣ የሰበሰበው ሁሉ የለም። ፍላሿን ሰጠሁት።

«አየሃት?»

«አማና አላልከኝም እንዴ?»

አቅፎኝ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ እያለቀስኩም «አሁንስ ይሰጠኛል» እል ነበር።

ሰጠኝ። ግን «አንድ ብቻ የሆነ ነገር እንዴት እንደሚጠፋ አየሁት ወላሂ» ብሎ፣ ሱቁን መልሶ ሲከፍት ለመጣ ሁሉ በነጻ ጫነለት። ዛሬ የባጃጅ ነጂው ስልክ ላይ አለች። የአክስቴ ልጅ እንኳ አይታት «ጉም ብቻ!» አለችኝ።

ሰኢድ ደግ ሥራ ነው የሠራው፤ አውቃለሁ። ፊልሟም ታምራለች። ግን በከፈትኳት ቁጥር የውጫሌ ሰው ሁሉ አጠገቤ የተቀመጠ ይመስለኛል፤ «ውጡልኝ!» ማለት ያምረኛል።