በሩ ሳይንኳኳ

ፈሪ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ብናገር ይሻላል፤ ግማሽ ማራቶን ልሮጥ ነው ሲባል የሚሰማ ሁሉ ጀግና ያየ ይመስለዋልና። እኔ የምሮጠው ልቤን ስለምፈራት ነው። አባቴ ሹፌር ነበር። በደህና ቀን ከቤት ወጥቶ፣ የጫነውን ሲሚንቶ እንኳ ሳያራግፍ፣ መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ መሪው ላይ እንደተደፋ ነው የሞተው። ልቡ ነው አሉ። እሱ በሞተበት ዕድሜ ላይ እኔም ስደርስ እንቅልፍ አጣሁና ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሙ ልቤን በመሣሪያ አይቶ፣ "ደህና ነሽ፤ ትንሽ እንቅስቃሴ አድርጊ" አለኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ተመስገን ብሎ ይሄዳል። እኔ ግን አባቴንስ ቢሆን ማን ደህና አይደለህም ብሎት ያውቃል ብዬ አሰብኩ። እየሮጥኩ ካልሞትኩ ቁጭ ብዬም አልሞትም የሚል ሒሳብ ይዤ መሮጥ ጀመርኩ። ከዚያም ከመሥሪያ ቤት ልጆች ጋር ሐይቅ ዳር ላለ አንድ ውድድር ተመዘገብኩ።

የአባቴ መርዶ የመጣው ገና ሳይነጋ ነው። የእኛ አገር መርዶ ሰዓቱን ያውቃል። ጎረቤት አንዱ ቤት ተሰብስቦ፣ ማን ይናገር፣ ሚስትየዋን ማን ይያዛት ተባብሎ፣ ሰው ከመኝታው ሳይነሳ በር ላይ ይደርሳል። ያን ዕለት መጀመሪያ የሰማሁት ውጭ ሰዎች ሲንሾካሾኩ ነው። ቀጥሎ በሩ ቀስ ተብሎ ተንኳኳ። እናቴ ከፈተች። የቆሙት ሁሉ የምናውቃቸው ሰዎች ነበሩ፤ አንዳቸውም ግን እንዴት አደርሽ አላሏትም። ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙውን ረስቼዋለሁ። ያልረሳሁት፣ አንዷ ጎረቤታችን የእናቴን ነጠላ ከወደቀበት አንስታ፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አዘቅዝቃ ለሐዘን ስታለብሳት ነው።

እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ከዚያ ወዲህ የእኛ ቤት በር በማለዳ አይንኳኳም። ወተት የምታመጣልን ሴትዮ ከመንገዱ ማዶ ጀምራ እየተጣራች ነው የምትመጣው። ዘመድ ከክፍለ ሀገር ማልዶ ቢገባ እንኳ ፀሐይ እስክትወጣ ሌላ ቦታ ሻይ እየጠጣ ይቆያል። እኔም ለሩጫ ስወጣ ቁልፌን ከጫማዬ ማሰሪያ ጋር አጥብቄ አስራለሁ። ምንም ነገር ቢመጣ ያንን በር ከውጭ ላለመምታት ነው።

የምንኖረው እኔና እናቴ ብቻ ነን፣ አዲስ አበባ ሀና ማርያም ሰፈር። ከቤታችን እስከ አስፋልቱ ያለውን ኮብል በጨለማ ብቻዬን አልደፍረውም። ጥጉ ላይ ሱቅ ያላቸው ጋሼ ለሱብሂ ሶላት ወደ መስጊድ ሲወጡ ጠብቄ አብሬያቸው እወጣለሁ። ጋሼ የሰፈራችን ነባር ሰው ናቸው፤ የአባቴ መርዶ የመጣ ቀን በራችን ላይ ከቆሙትም አንዱ ነበሩ። ስለዚያ ቀን ተናግረውኝ አያውቁም፣ እኔም አንስቼባቸው አላውቅም። "እኔስ የምሄደው ተጠርቼ ነው" ይሉኛል፣ "አንቺን ማን ጠራሽ?" መስጊዱ ጋ ሲለዩኝ ፍርሃቴ ይጀምራል። ወደ ለቡ በሚወስደው መንገድ ግንባታ የሚጠብቁ ውሾች አሉ፤ ለእነሱ ብዬ ድንጋይ ይዤ ነው የምሮጠው። ገና ቤት ያልተሠራበት የጤፍ ማሳ አጠገብ ስደርስ ደግሞ ጅብ ትዝ ይለኛል። በሩጫዬ ሁሉ ፈጣን የምሆነው እዚያ ላይ ነው። ከውሻውም ከጅቡም በላይ ግን የማዳምጠው ደረቴን ነው። አንድ ምት የዘለለች ሲመስለኝ ቆሜ አንገቴን እነካለሁ።

እናቴ ሩጪም አትሩጪም አላለችኝም። ስወጣ ከመኝታዋ ሆና "ወጣሽ?" ትላለች። ስመለስም እዚያው ብርድ ልብሷን ተከናንባ አገኛታለሁ። እኔ ስንከራተት እሷ በሰላም ተኝታ የምትቆይ ይመስለኝ ነበር፤ አንዳንዴም እቀናባት ነበር።

መሥሪያ ቤቴ የውሃ ፓምፕ ይተክላል። የእኔ ሥራ የተተከለው መሥራቱን እየዞርኩ ማየት ነው። ባልደረባዬ የሰጠችኝ የልምምድ ፕሮግራም ደግሞ መስክ ለማይወጣ ሰው የተጻፈ ነው። እሁድ ረጅም ሩጫ ይላል፤ እሁድ እኔ ፒካፕ ውስጥ አቧራ እየበላሁ ነኝ። ማክሰኞ ዳገት ይላል፤ የደረስኩበት ቆላ ደግሞ እንደ መሶብ ክዳን እንኳ ከፍ ያለ ነገር የለውም። አንድ ቀን እልህ ያዘኝና ሳይሞቅ ልሩጥ ብዬ ከሆቴሌ ወጣሁ። ትንሽ እንደሄድኩ ከብት የሚነዱ አንድ ሽማግሌ ከርቀት አይተውኝ ቆሙ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ። አጠገባቸው ስደርስ፣ "ማን ሞተ፣ ልጄ?" አሉኝ።

"ማንም አልሞተም አባቴ፤ ስፖርት ነው" አልኳቸው። አላመኑኝም። እዚያ አገር በማለዳ የሚሮጥ ሰው መልእክተኛ ነው። እንዳዘኑልኝ ባርኔጣቸውን ይዘው ቆመው ቀሩ፣ እኔም ሩጫውን ትቼ እየተራመድኩ ተመለስኩ። ቀኑን ሙሉ አነጋገራቸው ከጆሮዬ አልወጣም። ማታ ደግሞ አጎበሩ ተቀዶ ስለነበር ቢንቢ ሲበላኝ አደረ።

አዲስ አበባ ገብቼ ከሰነበትኩ በኋላ አንድ ከሰዓት ቢሮ ቁጭ ብዬ ብርድ ብርድ አለኝ። ጥርሴ ተንገጫገጨ። ጃኬት ደራርቤም አልሞቅ አልኩ። አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፤ እዚህ ከተማ ትኩሳት ያለው ሰው መጀመሪያ የሚባለውን እኔም ተባልኩ፦ ታይፎይድ ነው። የት ሄደሽ ነበር ያለኝ የለም። መድኃኒቱን ዋጥኩ። ትኩሳቱ አንድ ቀን ያስተኛኛል፣ በማግስቱ ምንም እንዳልነካኝ እነሳለሁ። በተነሳሁ ቁጥር ዳንኩ እላለሁ። ውድድሩ ደርሷል፣ ከውድድሩ በፊት የሚሮጠው ረጅሙ ሩጫ ግን ይቀረኛል። ያንን ካልሮጥኩ በውድድሩ ቀን መንገድ ላይ እንደ አባቴ እደፋለሁ የሚል ሐሳብ ገባብኝ። እናቴ ዓይኔን አይታ፣ "ዛሬስ ይቅርብሽ፣ በማርያም" አለችኝ። ለምና የማታውቀው ሴት ስትለምነኝ ልቤ ደንገጥ አለች። ግን ወጣሁ።

መሄጃውን እንደምንም ተወጣሁት። ለቡ ደርሼ ስመለስ ግን ብርዱ ከአጥንቴ ውስጥ ጀመረኝ። እግሬ ከዳኝ። ልቤ ደረቴን ትደበድበዋለች፣ እይዛታለሁ፣ ታመልጠኛለች፣ አየር የለም። መጣ አልኩ። ስፈራው የኖርኩት ነገር ይኸው መጣ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። መስጊዱ የሚታይበት ቦታ ላይ፣ ያላለቀ ፎቅ ሥር የተከመረ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ውሾቹ መጡ። ድንጋዬን የት እንደጣልኩት አላውቅም። አሸተቱኝና ትተውኝ ሄዱ፤ በዚያ ሁኔታ ውስጥ ሆኜም ትንሽ ቅር አለኝ።

ያኔ ያስፈራኝ መሞቴ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። የታየኝ በሩ ነው። እዚህ ብቀር ሰው ይሰበሰባል፣ ይንሾካሾካል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ያንኳኳል። እናቴ ለሁለተኛ ጊዜ ትከፍታለች። ቁልፉን በእጄ ብይዝ የሚያገኘኝ ሰው አያንኳኳም ብዬ ጫማዬን አውልቄ ማሰሪያውን ልፈታ ታገልኩ። አጥብቄ ያሰርኩት ቋጠሮ አልፈታ አለኝ።

ጋሼ ከሶላት በኋላ መስጊድ ቆይተው ሲመለሱ ያገኙኝ ጫማዬን ታቅፌ ነው። ሁለት ሰዎች አብረዋቸው ነበሩ። አንደኛው ጎበዝ ነው፣ ምንም ሳይጠይቅ አዘለኝ። ትኩሳቱ አናቴ ላይ ወጥቶ ስለነበር መንገዱን በደንብ አላስታውሰውም። ቤታችን አጠገብ ስንደርስ ግን ነቃሁ። ጫማው የለም፤ ቁልፌን እንደያዘ እዚያው ድንጋዩ ላይ ቀርቷል።

"ጋሼ፣ በሩን እንዳትመቱት" አልኳቸው። ድምፄ ለራሴም አይሰማም።

ጋሼ ቆሙ። ሰዎቹም ቆሙ። "ምን እናድርግ ታዲያ?" አለ ያዘለኝ ሰው በሹክሹክታ።

"ስልክ እንደውልላት" አለ ሌላው፣ እሱም በሹክሹክታ።

"በዚህ ሰዓት ስልክ? ከማንኳኳት በምን ይሻላል?" አሉ ጋሼ።

ያኔ ነው ጆሮዬ የሰማውን ያስተዋልኩት። ገና ሳይነጋ ሰዎች በራችን ላይ ቆመው ይንሾካሾካሉ። የቀረው ማንኳኳቱ ብቻ ነው። ላስቆማቸው ፈለግኩ፣ አፌ አልከፈት አለኝ። እንደዚያች ቅጽበት ፈርቼ አላውቅም።

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። ፊቴን አዩት። ከዚያ በሕይወቴ ሰምቼባቸው በማላውቀው ድምፅ ሰፈሩ እስኪሰማ ይሰድቡኝ ጀመር።

"አንቺ ልጅ አሁንስ አበዛሽው! ታምመሽ መሮጥ ምን የሚሉት እብደት ነው? ጆሮ የለሽም? እናትሽን በጭንቀት ልትፈጂያት ነው? ቆይ፣ ዛሬ ነግሬ ነው የማስገርፍሽ! እትዬ! ኧረ ይቺን ልጅዎን አንድ ይበሉልኝ፣ አልቻልናትም!"

በሩ ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ተከፈተ። እናቴ ከመኝታዋ አልመጣችም፤ ከበሩ ኋላ ነበረች። ጫማ አድርጋለች። ነጠላዋ ጥለቱ ወደ አንገቷ ተዘቅዝቋል። ራሷ ነበረች ያዘቀዘቀችው፣ ብቻዋን፣ በጨለማ።

እኔን አየችኝ። ጋሼን አየቻቸው። ጮክ ብላ አልተናገረችም። "እግር ሰማሁ" አለች። "የብዙ ሰው እግር። ያንቺ የለበትም።"

ነጠላዋን ከላይዋ አውርዳ እኔን ጠቀለለችበት።

ሆስፒታል ደሜ ሲታይ ወባ ሆኖ ተገኘ። እናቴ ወባ መሆኑን ስትሰማ እልል ልትል ምንም አልቀራት፤ አስታማሚዎቹ ሁሉ ዞረው አዩዋት። ልቤንም ደግመው አዩልኝ፣ ደህና ናት አሉ። ጋሼ ሊጠይቁኝ ብርቱካን ይዘው ሲመጡ ስለዚያ ስድብ አነሳሁባቸው። "የሞተ ሰው ይሰደባል እንዴ?" አሉኝ። "መርዶ ነጋሪ ድምፁ ለስላሳ ነው። ስሳደብ ከሰማች ልጄ አለች ትላለች ብዬ ነው። አፉ በይኝ ብቻ።" ከዚያ ጉልበታቸውን አሻሹ። "ያኔም እኔ ነበርኩ በሩን ያንኳኳሁት" አሉ፤ ይህን እስከዚያች ቀን አላውቅም ነበር።

ውድድሩ ያለ እኔ ተሮጠ። ባልደረቦቼ ሜዳሊያ አንጠልጥለው የተነሱትን ፎቶ ላኩልኝ። ፈሪ ለናቱ ይባላል፤ እኔም ሩጫ በቃኝ ብዬ ጫማዬን አልጋ ሥር ከተትኩት። ጋሼ ናቸው ከነቁልፉ ከድንጋዩ ላይ አንስተው ያመጡልኝ። አቅም ሲመለስልኝ ግን ሌሊት ሌሊት ደረቴን ይዤ መነሳቱም አብሮ ተመለሰ። አንድ ቀን እናቴ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት።

"ሩጪ" አለችኝ።

"አንቺስ?"

"እኔማ ሮጥሽ አልሮጥሽ መፍራቴ አይቀርም። ስትሮጪ አንቺ ቢያንስ ትተኛለሽ።" ከዚያ በዓይኗ ወደ ውጭ አመለከተችኝ። "በሩን ግን ከእንግዲህ ክፍት እተወዋለሁ። ከውስጥ ሆኜ የሰው እግር ሳዳምጥ ከማረጅ ውጭ ተቀምጬ ባይ ይሻለኛል።"

አሁን ለሚቀጥለው ውድድር እየተለማመድኩ ነው፤ መስክ በሌለብኝ ሳምንት፣ ትኩሳት በሌለብኝ ቀን። ስወጣ እናቴም የፕላስቲክ ወንበሯን ይዛ ትወጣለች፣ ክፍቱ በር አጠገብ ትቀመጣለች። ጋሼ "እትዬ፣ ዘብ ሆኑ?" እያሉ ያልፋሉ። ወባ ነው እንጂ ልብ አይደለም ማለቱን ለምጃለሁ፤ መፍራቱን ግን አላቆምኩም። የምፈራው ብቻ ጨመረ። ዱሮ ወደ ቤት ስቃረብ ደረቴን ነበር የማዳምጠው። አሁን ጥጉን ስዞር ከሁሉ አስቀድሜ የማየው ነጠላዋን ነው፤ ጥለቱ በየት በኩል እንደሆነ።