ወንድም ጋሼ ያስታወሰው ጠርሙስ

ወንድም ጋሼ የሰው ዓይን አላጠፋም። ይህን መጀመሪያ ልናገረውና ይውጣልኝ። አጥፍቻለሁ ብሎ አምኗል፣ ፍርድ ቤት ቆሞ ቃሉን ሰጥቷል፣ አምስት ዓመት ታስሯል፤ ግን አላጠፋም። ያጠፋውን ሰው በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ሲስቅም ሰምቼዋለሁ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ታዲያ እሱ አይደለም። የሚያንገበግቡኝ ወንድሜን አስታውስ፣ አስታውስ እያሉ ያላየውን ያሳዩት ደጋግ ሰዎች ናቸው።

የምንኖረው ካዛንቺስ፣ ከትልልቆቹ ሆቴሎች ጀርባ፣ አምስት ቤተሰብ አንድ ሽንት ቤት በሚጠቀምበት የቀበሌ ግቢ ውስጥ ነበር። ወንድም ጋሼ ላንቻ ጎሚስታ ቤት ይሠራል። ቀኑን ሙሉ ጎማ ሲፈታና ሲገጥም ይውልና አመሻሹ ላይ እጁን በዱቄት ሳሙና ፈትጎ ይገባል። ሻይ ቤት ገብቶ ያላዘዘውን ቢያመጡለት እንኳ አስተናጋጇ እንዳታፍር ብሎ ዝም ብሎ የሚጠጣ ሰው ነበር። እኔ በዚህ ጠባዩ እበግናለሁ። አንተን እኮ ማንም እንደፈለገ ነው የሚያደርግህ ስለው ይስቃል።

እሁድ እሁድ ግን ይጠጣል። ከግቢያችን በር ፊት ለፊት ያለው ግሮሰሪ ይገባና ሦስት ቢራ ካለፈው ጠረጴዛው ላይ ድፍት ብሎ ይተኛል። የዚያን እሁድም ከሰዓት በኋላ እንዲሁ ተኝቶ ሳለ ጠብ ተነሣ። ኡራኤል አካባቢ የሚኖር አንድ ልብስ ሰፊ ሊገላግል መሀል ሲገባ፣ ከጎን በመጣ ጠርሙስ ግራ ዓይኑን ተመታ። ማን እንደመታው አላየም። ፖሊስ ሲደርስ ግማሹ ጠጪ በጓሮ በር ወጥቷል። ወንድም ጋሼ ግን መሀል ወለሉ ላይ ቆሟል፤ እጅጌው ደም ነክቷል፤ ምን ተፈጠረ ሲሉት አላውቅም ይላል። በቃ፣ እሱን ያዙት።

በማግስቱ የግሮሰሪዋ አስተናጋጅ ቤታችን ድረስ መጣች። የመታውን ሰው እሷም አላየችም። ወንድሜ ግን ጠርሙሱ ሲሰበር ተኝቶ እንደነበር፣ ጩኸቱ እንደቀሰቀሰው፣ ደሙም የነካው ሰውዬውን ከመሬት ሲያነሣ እንደሆነ ነገረችን። የትም ቦታ ቀርቤ እመሰክራለሁ አለች። እማዬ እግሯ ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። ወንድሜም በዋስ ተለቀቀ። እኔ እንግዲህ ነገሩ አለቀ ብዬ እፎይ አልኩ።

ሽማግሌዎቹ የመጡት ይኼኔ ነው። ሦስት ናቸው፤ የእድራችን ሰብሳቢና ሁለት ጡረተኞች፣ ሰፈሩ ውስጥ የታረቀ ባልና ሚስት ሁሉ በእነሱ እጅ ያለፈ። ተበዳዩ እርቅ እንደሚቀበል፣ ነገር ግን ወንድሜ ከልቡ ማመን እንዳለበት ለእማዬ ነገሯት። እማዬ ደስ አላት። እኔ ብቻ ተኝቶ የነበረ ሰው ምኑን ነው የሚያምነው አልኩ። አስተናጋጇ ያለችውንም ነገርኳቸው። ሰብሳቢው በለዘበ አነጋገር፣ የመጠጥ ቤት ሴት ቃል ይዘን ሰው ደጅ አንቆምም አሉ። እማዬም በዓይኗ ገረፈችኝ።

ከዚያ ወንድሜ ከሥራ ሲመለስ እየጠበቁ ይመጡ ጀመር። ቁጣ የለ፣ ዱላ የለ። ዱላ ቢሆን እኮ እሱም ይሸሸው ነበር። ሰብሳቢው ትከሻው ላይ እጃቸውን ጣል ያደርጉና፣

«ልጄ፣ ሰው በስካር ያደረገውን ጭንቅላቱ ቢረሳው ልቡ አይረሳውም። ረጋ በልና ወደ ኋላ ተመለስ» ይሉታል።

እሱም ዓይኑን ጨፍኖ ይመለሳል። ጠርሙሱ ከጠረጴዛህ ላይ ነበር? ይሉታል። ይሆናል ይላል። በቀኝ እጅህ ይሆን ያነሣኸው? በቀኜ ሳይሆን አይቀርም። መጀመሪያ ቀን «አላውቅም» ያለውን ሁለተኛ ቀን «ምናልባት» አለው። ሳምንቱ ሲያልቅ ማንም ሳይጠይቀው ስለ ድምፁ ተናገረ፤ ጠርሙሱ ሲሰበር እንዴት እንዳለ። ሦስቱም ሰዎች ተመስገን አሉ። እማዬ አለቀሰች። እኔ የወንድሜን ፊት ነበር የማየው፤ የጠፋበትን ዕቃ ያገኘ ሰው ፊት ነበር፤ ቀለል ብሎታል።

እሁድ ኡራኤል ሄድን። እንደ ወጉ ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ ልብስ ሰፊው ደጅ ቆመ። ሰውዬው ዓይኑ በፋሻ እንደታሰረ ወጣ። ወንድሜ ከጠርሙሱ አነሣስ እስከ ድምፁ አንድም ሳያስቀር እያለቀሰ ተናዘዘ። የተበዳዩ እናት ድንጋዩን ከአንገቱ አወረዱለትና ሳሙት። ተመረቀ፣ ተበላ፣ ተጠጣ። ስንመለስ እማዬ መንገዱን ሙሉ ሽማግሌዎቹን ስትመርቅ ነበር።

ከዚያ ሁሉ አዋቂ ውስጥ ታዲያ፣ ዓይን ማጥፋት ተበዳይ ይቅር ስላለ የሚዘጋ ክስ እንዳልሆነ የሚያውቅ አንድ ሰው ጠፋ። የእኛ ሰው ከታረቀ ሁሉም ነገር ያበቃ ነው የሚመስለው። ዐቃቤ ሕጉ እርቁን ሲሰማ ሦስቱንም አስጠራቸው። እነሱም ውሸት የማያውቁ ሰዎች ናቸውና ያዩትን ተናገሩ፤ ድንጋይ ተሸክሞ በአንደበቱ አምኗል አሉ። እውነታቸውን ነው። ምን ይባላል?

የፍርድ ቤቱ ቀን አስተናጋጇ ከሰው ቀሚስና ነጠላ ተውሳ መጥታ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣለች። ችሎቱ ውስጥ ክሱ ተነበበና ዳኛው ወንድሜን ጠየቁት። ቀና ብሎ፣ ያን ያህል ደፍሮ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም፣

«አድርጌዋለሁ። ጥፋተኛ ነኝ» አለ።

ስለ አስተናጋጇ ቢነሣም እሱ ራሱ ተሳስታለች አለ። ማንም አልጠራትም። አምስት ዓመት ፈረዱበት። ስንወጣ ሰብሳቢው እማዬን ደግፈው፣ አይዞሽ፣ ነፍሱን አትርፏል አሏት። ያን ቀን አንገታቸውን ባንቃቸው ደስ ይለኝ ነበር።

ምሳ ዕቃ ይዤ ልጠይቀው ስሄድ በሄድኩ ቁጥር ትዝታው እየሰባ ጠበቀኝ። አንዴ ጠርሙሱ መዳፉን እንደቆረጠው ነገረኝ። ሌላ ጊዜ ሰውዬው ከመመታቱ በፊት እንዴት እንዳየው አስታወሰ። ውሸት እንዳይመስላችሁ፤ ሲያወራው ላብ ያጠምቀዋል። የሰው ጭንቅላት እንዲህ ያለ ጉድ እንደሆነ እዚያ አጥር ሥር ቆሜ ነው ያወቅሁት። አንዴ ያበሩለትን መብራት ራሱ እያቀጣጠለ ይኖራል። በሦስተኛው ዓመት እማዬ ሞተች። ወንድም ጋሼ አልቀበራትም።

ተፈትቶ ከወጣ በኋላ ያች አስተናጋጅ ደወለችልኝ። ቶሎ ነይ አለችኝ። ስደርስ ግሮሰሪው ውስጥ አንድ ደላላ ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ የድሮ ጠብ እየተረከ ነው። የዚያን እሁድ ጠርሙሱን የወረወረው እሱ ነው። እንዴት እንደወረወረ በእጁ እያሳየ ያወራል።

«ዓይኑ መፍሰሱን እንኳን የሰማሁት ቆይቼ ነው» አለ። «አንድ እንቅልፋም ነው አሉ የታሰረልኝ።»

ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። እኔ እየሮጥኩ ቤት ገባሁ።

ወንድም ጋሼ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ነበር። ትንፋሼ እየተቆራረጠ ነገርኩት። ተነሥ፣ ራስህ ስማው፣ ነጻ ሰው ነህ እኮ አልኩት። ይዘላል፣ ያለቅሳል ብዬ ነበር። ሰውዬው ሰክሮ ነው አለኝ። መዳፉን ዘርግቶ ጠባሳውን አሳየኝ። ይህ ከጠቡ ሁለት ዓመት ቀድሞ ጎማ መፍቻ ብረት የመታህ ነው፣ ቁስሉን ያጠብኩልህ እኔ ነኝ አልኩት። መዳፉን አየው፣ አየውና ጨበጠው። ፊቱ ሲገረጣ አየሁ። ለአንድ አፍታ አምኖኝ ነበር፤ እርግጠኛ ነኝ።

«ካላደረግሁት» አለ ቀስ ብሎ፣ «እናቴን ሳልቀብር የቀረሁት በምን ምክንያት ነው?»

የጨበጠውን መዳፉን ልፈታው ያዝኩት።

«ተይልኝ እህቴ» አለ። «ይሄንንም አትውሰጂብኝ።»

ተውኩለት።